በሌሊት ስለሚያዩ ርካሽ ካሜራዎች

መርካቶ ስሟን ያገኘችው ገበያ ከሚል የኢጣልያንኛ ቃል ነው። ገበያውም በጠላት ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ወደ አሁኑ ስፍራው እንደ ተዛወረ በታሪክ ትምህርት ተምረናል። ለብዙ ዘመን የነጋዴው የሌሊት ዐይን ዘበኛው ነበር። ዛሬ ግን ከሸማ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ ብንዘዋወር በብዙ ሱቆች በር አናት ላይ ትንንሽ ካሜራዎች ተሰቅለው እናያለን። በቀን ሁሉም ደኅና ያያሉ፤ የሚፈተኑት ሲመሽ ነው። ስለዚህ ርካሽ ካሜራዎች በጨለማ የሚለያዩበትን ምክንያት ለአንባቢዎች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛው ሴንሰሩ ነው። ሻጭ «ይህ 5 ሜጋፒክስል ነው፤ ያ ግን 2 ብቻ» ብሎ ያስመርጠናል። ብርሃንን እንደ ዝናብ፣ ሴንሰሩንም ጣሳ እንደ ተደረደረበት ግቢ እንቍጠረው። በአንድ ግቢ 2 ሚሊዮን ጣሳ ቢደረደር የያንዳንዱ አፍ ሰፋ ይላል፤ በዚያው ግቢ 5 ሚሊዮን ቢደረደር ግን ይጠባል። በካፊያ ጊዜ ለጠባቡ ጣሳ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እንዲሁም ሴንሰሩ እኩል ትንሽ ከሆነ፣ ሜጋፒክስል የበዛለት ካሜራ በጨለማ ጤፍ የተበተነበት የሚመስል ምስል ያወጣል።

ሁለተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ይኸውም ኤፍ በሚባል ቍጥር ይገለጻል፤ ቍጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 1.0 የሆነ ሌንስ ከኤፍ 2.0 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ካሜራው ዐይኑን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ ይቆያል። ያን ጊዜ የቆመ በርሜል ጥርት ብሎ ሲታይ የሚራመድ ሰው ግን እንደ ጭስ ይበተናል። በካርቶን ላይ «በ0.01 ሉክስ ያያል» ተብሎ የሚጻፈውም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ዘዴ ስለሚገኝ፣ ቍጥሩን ብቻ አይቶ ማወዳደር አይቻልም።

አራተኛው ኢንፍራሬድ የሚባለው ለሰው ዐይን የማይታይ ብርሃን ነው። 850 ናኖሜትር የሆነው እንደ ፍም ደብዘዝ ያለ ቀይ ነጥብ ያሳያል። 940 የሆነው አይታይም፤ ሴንሰሩ ግን ለርሱ ደካማ ስለ ሆነ ሩቅ አያደርስም። ርቀት እጥፍ ሲሆን ደግሞ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል።

ይህንን ለማየት፣ በርበሬ ተራ ባለው በአጎቴ ሱቅ ፈቃድ ጠይቄ ሁለት ካሜራዎችን ጐን ለጐን ሰቀልሁ። መብራት አጥፍተን ታናሽ ወንድሜ በ3፣ በ6 እና በ9 ሜትር ርቀት ቆመ፤ ቀጥሎም ተራመደ። ባለ 5 ሜጋፒክስሉ ሲቆም በደንብ አሳየው፤ ሲራመድ ግን ፊቱ ጠፋ። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ሌንሱ ሰፊ ስለ ነበረ እስከ 6 ሜትር ድረስ ሲራመድም አስለየው። በ9 ሜትር ሁለቱም ጥላ ብቻ አሳዩ። ከሁሉ ያስገረመኝ የሹራቡ ነገር ነው፤ ጥቁር ሹራቡ በሁለቱም ላይ ነጣ ብሎ ታየ። ብዙ ጥቁር ቀለሞች ኢንፍራሬድን ስለሚመልሱ የሌሊት ምስል የልብስን ቀለም በእውነት አይናገርም።

ነገሩ የገንዘብ ጕዳይ ብቻ አይደለም። ከሱቅ ዕቃ ሲጠፋ ሰው ተሰብስቦ «ይህ አካሄድ የእገሌ ነው፤ ነጭ ሹራብ ያለው እርሱ ነው» ይላል። በአንድ ደብዛዛ ምስል ምክንያት አንድ ተሸካሚ ወይም ዘበኛ እንጀራውንም ስሙንም ሊያጣ ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ነገር ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ካሜራ ሲገዙ በጨለማ ሰው አስኪደው ይሞክሩት። ከተቻለ በበሩ ላይ አንድ አምፖል ያብሩ፤ ይህ ውድ ካሜራ ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል። የሌንሱን አቧራና የሸረሪት ድርም ይጥረጉ፤ ኢንፍራሬዱ በድሩ ላይ ሲያርፍ ምስሉን ያነጣዋልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊቱ የማይለይ ሰው ቢታይ፣ ካሜራው ያላየውን እኛ አየን አንበል።