ትንሿ አውሮፕላን

አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አንጋጦ ያላየ የለም። ብዙ ሰው ግን አውሮፕላን ሲባል የሚታየው ብዙ ሕዝብ የሚጭነው ትልቁ ነው። ከነአብራሪዋ አራት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽም አለች። ከነዚህ አንዷ ሴስና 172 ትባላለች። መሠራት የጀመረችው በአሜሪካ አገር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 ነው። ሰዎቿና ነዳጇ ተጭነው ክብደቷ ቢበዛ ከ10 እስከ 12 ኩንታል ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ክብደት አየር ላይ ማን ያቆመዋል? ሞተሩ ነው እንል ይሆናል። አይደለም፤ ክንፏ ነው። የሞተሩ ሥራ ወደ ፊት መጎተት ነው። ክንፏ ትንሽ ቀና ብሎ ሲሮጥ አየሩን ወደ ታች ይገፋል፤ አየሩም መልሶ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። በነፋስ ቀን ቆርቆሮ ተሸክሞ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቆርቆሮው ጥቂት ቀና ካለ ሰውየውን ጭምር ላንሣ ይላል።

እህል ስታዘሩ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ታያላችሁ። አብራሪም እንዲሁ ነው። የሚነሣውም የሚያርፈውም ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው።

ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኗን ዞሮ ይመረምራል። ነዳጁ ያለው በሁለቱ ክንፎች ውስጥ ነው። ሌሊት ሲበርድ ታንኩ ውስጥ ጤዛ ይያዛል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ሥር ይዘቅጣል። ስለዚህ አብራሪው ከታንኩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ይዞ ያየዋል። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ያን ጊዜ ንጹሕ ነዳጅ ብቻ እስኪወርድ ድረስ ደጋግሞ ያፈሳል። ላምባው ውሃ የገባበት ኩራዝ እንዴት እንደሚንጣጣ እናውቃለን። ኩራዝ ቢጠፋ ክብሪት አለ፤ ሰማይ ላይ ሞተር ቢጠፋ ግን ዳር ይዞ መቆም የለም።

ፍጥነት የሚለካውን ቀጭን ቧንቧም ያያል። ተርብ ገብቶ በጭቃ ከደፈነው መሣሪያው የተሳሳተ ፍጥነት ያሳያል። ስለዚህ አውሮፕላኗ ስትቆም ቧንቧው በልባስ ይሸፈናል። ልባሱን ሳያወልቅ የሚነሣ አብራሪም አይጠፋም!

ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን በጣም ሽቅብ ካነሣች ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተውና መውረድ ትጀምራለች። ሰው የመውደቅ ስሜት ሲሰማው እጁ መሪውን ወደ ራሱ መሳብ ይፈልጋል። ይህ ነገሩን ያብሰዋል። ትክክሉ መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ አፍንጫዋን ዝቅ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ክንፉ እንደገና አየሩን ይይዛል። ለዚህ ነው ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ከፍ ብሎ፣ እጁ እስኪለምድ ድረስ ደጋግሞ የሚለማመደው። መሬት አጠገብ ከሆነ ማረሚያ ጊዜ የለም።

ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የአዲስ አበባ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። በሳሳ አየር ሞተሩም ይደክማል፣ ክንፉም ብዙ አይሸከምም። አውሮፕላኗ ለመነሣት ረጅም መንገድ መሮጥ አለባት። የቀትር ፀሐይ አየሩን ይባስ ያሳሳዋል። ስለዚህ የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ደጋ ላይ ማለዳ መነሣትን ይመርጣል። ማለዳው ካለፈ ጭነት ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ከነሻንጣው ይቀራል።