የእንግዳ ድንኳን በዋግ ደጋ

በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘውን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ድንኳን የሚተክልበት ሥፍራ ይሻል። «ቦታውን ልግዛ» የሚል ባለገንዘብ ቢቀርብ ግን የገበሬ ማኅበሩ መልስ አጭር ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም ይህንኑ አጽንቷል።

የመቄት ገበሬዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በእርዳታ ድርጅት ድጋፍ ገደል አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠርተው በጋራ ያዙ፤ አብሳዩም፣ ዘበኛውም፣ ጓዝ በአህያ ጫኙም የመንደሩ ሰው ሆነ።

ሥፍራው የማን ማሳ እንደነበረ ግን አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ባለማሳው ምትክ ካላገኘ ክርክሩ ከእንግዳው ቀድሞ ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎና ዋግ ሲዘልቅ የእንግዳው መንገድ ተቋርጦ ነበርና፣ ለእንዲህ ያለው ዓመት ከገቢው ጥቂቱ ሳይከፋፈል በካዝና ቢቆይ ይበጃል።