የታዩት ልጆችና የሚያዩት ልጆች፦ ዲጂታል መሣሪያና ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በጉና ዙሪያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በክብር ዶክተር ዙምራ ኑሩ መሥራችነት የተጠነሰሰ የገበሬዎችና የሸማኔዎች መንደር ነው። የወንድና የሴት የሥራ ክፍፍልን በሚመለከት በያዘው አቋም በአገር ውስጥም በውጭም ይታወቃል። ፊንላንዳዊቷ የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ፓውሊና ቴርቮ ስለ መንደሩ ፊልም ከሠሩ በኋላ፣ ከባልደረባቸው ከሰርዳር ፌሪት ጋር ሆነው ተመልካቹ በኮምፒውተር አማካይነት በመንደሩ እየተዘዋወረ ነዋሪዎቹን የሚያዳምጥበት መስተጋብራዊ ዘጋቢ ሥራ አዘጋጁ። ሊፍታ የተባለው የትምህርት መድረክ የተወለደው ከዚህ ልምድ ነው። በመድረኩ አማካይነት የእንግሊዝና የፊንላንድ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በ360 ዲግሪ ምስል ወደ ሰዎች ቤትና የሥራ ቦታ ያስገባሉ፤ ስለ እኩልነት፣ ስለ ሥራና ስለ አብሮ መኖር ያወያያሉ።

ጉዳዩ በትምህርት ጥናት ዓይን ሲታይ አንድ ያልተለመደ ገጽታ አለው። በመማሪያ ክፍል ስለሚካሄድ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ሲነገር፣ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ዕውቀት ከሩቅ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ስለሚደርስበት መንገድ ነው። እዚህ ግን ከጉና ግርጌ የወጣ ዕውቀት ቀድሞ አውሮፓ ደርሷል። የለንደን ልጅ የአውራ አምባን ሸማኔ ቤት ሊያይ ይችላል፤ በእስቴ፣ በፋርጣ ወይም በጋይንት ያለ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ግን የለንደኑን ልጅ ቤት የሚያይበት፣ ይልቁንም የሚጠይቅበት መንገድ አላገኘም። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ መታየትና ማየት እኩል አይደሉም። የሚታየው ልጅ የትምህርቱ ርእስ ይሆናል፤ ጥያቄ አውጥቶ መልስ የሚፈልገው ልጅ ግን ተመራማሪ ነው። ስለዚህ በጉና ዙሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ታብሌት እንደሚያስፈልግ ሳይሆን፣ ልጆቹ በምን ጉዳይ፣ በየትኛው መሣሪያ ጠያቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው።

ሁለት የኢትዮጵያ ሙከራዎች

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ልምድ የሌላት አገር አይደለችም። በ2000 እና 2001 ዓ.ም. ገደማ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ከተባለው እንቅስቃሴ የተገኙ አምስት ሺህ ያህል አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በገጠር ለተመረጡ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሰጡ። የመማሪያ መጻሕፍትም በዲጂታል መልክ ተዘጋጅተው ተጫኑባቸው። ሙከራውን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያስተዋሉት ዋና ችግር ከማሽኑ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ የታየ ነበር። ልጁ በላፕቶፑ ፎቶ ማንሳት፣ መሳልና ራሱን መቅዳት ወደደ። መምህሩ ግን ትምህርቱን የሚያስኬደው በሰሌዳና በማስታወሻ ደብተር ነበርና፣ ላፕቶፑን ትኩረት የሚሰርቅ መጫወቻ አድርጎ ማየቱ አልቀረም። በሌላ አነጋገር፣ ልጁ በመሣሪያው የሚመረምር ሆኖ ሳለ ክፍሉ ምርመራን የሚቀበልበት ቦታ አልነበረውም።

ሁለተኛው ሙከራ ከዚህ በተቃራኒ ጫፍ ላይ ይገኛል። በ2004 ዓ.ም. የዚሁ እንቅስቃሴ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ባልደረቦቻቸው ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ ምንም መመሪያ በካርቶን አስቀመጡ። ኔግሮፖንቴ ኋላ እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ጀመር፤ ከወራት በኋላም ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ የሚያስከፍት ዘዴ አገኙ። ታሪኩ ዓለምን ዞረ። ልጆች ከመሣሪያ ጋር ለመተዋወቅ አስተማሪ እንደማያስፈልጋቸው ማሳየቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን መተግበሪያ መክፈት ጥያቄ ማውጣት አይደለም፤ 47 የሚለው ቁጥርም ስለ ልጁ የማወቅ ጉጉት እንጂ ስላወቀው ነገር አይናገርም። መምህሩ ያልተዘጋጀበት ክፍልና መምህር የሌለበት መንደር፣ ሁለቱም በተለያየ መንገድ ያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ የጎደለው ጥያቄን ወደ ሥራ የሚለውጠው ሰው ነው።

ዝናብን መለካት

በጉና ዙሪያ ለዚህ የሚስማማ ጥያቄ መፈለግ አያስቸግርም። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ተራራ የጉማራና የርብ ወንዞች መነሻ ነው። ሁለቱም የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በተራራው ላይ የጣለው ዝናብ ለፋርጣ ገበሬ የገብስና የድንች ነገር ነው፤ ለፎገራ የሩዝ ገበሬ ደግሞ በረከትም ጎርፍም ሊሆን ይችላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በጣና ዙሪያ የደረሰው የጎርፍ መጥለቅለቅ ፎገራን ክፉኛ ከጎዱት አንዱ ነበር። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በተራራማ አካባቢ የተራራቀ በመሆኑ፣ ከሳተላይት የሚገኘው የዝናብ ግምት በምድር ላይ በሚለካ ቁጥር መታረም ይኖርበታል። እንግዲህ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በየቀኑ የሚለኩት ሚሊ ሜትር የልጅ ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም የሚጠቅም መረጃ ነው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የተዘጋጀው ትልቁ ዓለም አቀፍ ማዕቀፍ ግሎብ የተባለው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ታውጆ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ጀመረ። ተማሪዎች ሙቀትን፣ ዝናብን፣ ደመናን፣ አፈርንና ውኃን በአንድ ወጥ መመሪያ ይለካሉ፤ ውጤቱንም ለሁሉም ክፍት ወደሆነ የመረጃ ቋት ያስገባሉ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የስልክ መተግበሪያ ኔትወርክ በሌለበት የተመዘገበውን ይዞ ቆይቶ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል። ይህ ለገጠር ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው፤ በመንደሩ ኔትወርክ ባይኖርም መምህሩ በገበያ ቀን ደብረ ታቦር ሲወጣ የሳምንቱን መረጃ መላክ ይችላል ማለት ነውና።

መለኪያው ራሱ ውድ አይደለም። በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው የውኃ ፕላስቲክ አናቱ ተቆርጦ በግልባጩ እንደ ማንቆርቆሪያ ይደፋበታል። ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ በጠጠርና በውኃ እስከ ዜሮ ምልክት ተሞልቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ጎን በማስመሪያ ይለካል። በጉና እንደሚያጋጥመው በረዶ ከጣለ እስኪቀልጥ መጠበቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያን መለኪያ አይተካም፤ የሁለቱን ልዩነት ማስላት ግን ራሱ ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ነው።

ከባዱ ነገር የጊዜ ሰሌዳው ነው። የግሎብ መመሪያ የዕለቱ ዝናብ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት አቅራቢያ እንዲለካ ያዛል። በደብረ ታቦር ኬንትሮስ ይህ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት የጠዋቱ ተማሪ ወጥቶ የከሰዓቱ የሚገባበት ሰዓት መሆኑ ነው። በአንድ በኩል ችግር ነው፤ በሌላ በኩል ሁለቱ ፈረቃዎች የሚገናኙበት ብቸኛ ቅጽበት በመሆኑ አንዱ ለክቶ ሌላው ሊያረጋግጥ ይችላል። የወቅቱ ጉዳይ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። የጉና ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው በክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ የሚለካ ክፍል ለዓለም የሚያሳየው ደረቅ ተራራ ይሆናል። ይህን ያላገናዘበ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የጉናን ልጆች ወደ ሥራው ቢያስገባም፣ የሚሰበስበው መረጃ ስለ አገራቸው ሐሰት ይናገራል። መፍትሔው መለኪያውን በሰኔ ወር ወደ ተማሪዎች ቤት ማዛወር ነው። የዕረፍት ጊዜው ለእርሻ የሚፈለጉበት ወቅት ቢሆንም፣ በቀን አንድ ጊዜ ማስመሪያ ማንበብ ከእረኝነት ጋር አይጋጭም።

ፕሮጀክቱ ዓለም አቀፍ ከመሆኑ በፊት የአንድ ወንዝ ቢሆን የሚሻልበት ምክንያትም አለ። በርብ መነሻ አካባቢ ያለ ትምህርት ቤትና በፎገራ ሜዳ ያለ ትምህርት ቤት ቁጥር ቢለዋወጡ፣ ላይ የጣለው ዝናብ ታች ወንዙን ከፍ ለማድረግ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ልጆቹ ራሳቸው ሊያሰሉ ይችላሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ስልክና የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። ከፊንላንድ ክፍል ጋር ሲገናኙ የሚያሳዩት ቤታቸውን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ግራፍ ይሆናል።

መዝገብና ቋንቋ

ተማሪ የሚመረምረው የሚለካውን ብቻ አይደለም፤ ያለፈውንም ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቀት ላይ ያለው ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበት ስፍራ ነው። ንጉሡ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተወስደዋል፤ ሦስት መቶ ኀምሳ ያህሉ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቅርብ ዓመታት በዲጂታል ተነሥተው በነፃ እንዲታዩ ተደርገዋል። ለደብረ ታቦር ልጅ በአካል የማይደርስበትን ብራና በስልክ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይብረሪው በደረሰበት የሳይበር ጥቃት የዲጂታል ቅጂዎቹ ለረጅም ጊዜ ሳይታዩ ቆዩ። መቋረጥ የጉና ብቻ ዕጣ እንዳልሆነ ያሳያል፤ በኢንተርኔት ያለ ነገር ሁሉ በእጅ እንዳለ ተደርጎ መታሰብ የለበትም።

ከመስመር ውጪ የሚሠሩ መሣሪያዎች ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው። ኪዊክስ የተባለው ሶፍትዌር ውክፔዲያን በሙሉ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ ኮሊብሪ ደግሞ ቪዲዮና መልመጃዎችን ከአንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ በዋይፋይ ለክፍሉ ስልኮችና ታብሌቶች ያዳርሳል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ነገር ግን መሣሪያው በመስመር ውጪ ቢሠራም ይዘቱ በማን ቋንቋ እንደተጻፈ መታየት አለበት። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ አማርኛ በማንኛውም ማሽን ሊጻፍ ይችላል። ይሁንና የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ የእንግሊዝኛው ከስድስት ሚሊዮን በላይ አለው። በእጁ ባለው መዝገብ ስለ ጅብራ ወይም ስለ አስታ የሚፈልግ የአራተኛ ክፍል ተማሪ በቋንቋው የሚያገኘው ጥቂት ነው። ይህ ጉድለት ለምርምር ፕሮጀክት ግን መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። ተራራ ወጥቶ ጅብራን ያየ፣ አያቱን ስለ ጥቅሙ የጠየቀና ፎቶ ያነሣ ክፍል በመምህሩ እየታገዘ ያልተጻፈውን ሊጽፍ ይችላል። አካባቢ ሳይንስን ከመጽሐፍ ብቻ ከመማር ይልቅ ይህ የተሻለ መንገድ ነው።

ኔትወርክና ደኅንነት

ስለ ጉና የሚጻፍ ማንኛውም የትምህርት ጽሑፍ ሰላም እንዳለ አስመስሎ ሊያልፍ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለአንድ ዓመት ገደማም በአብዛኛው ተዘግቶ ቆየ። በ2017 ዓ.ም. ከአራት ሚሊዮን በላይ የክልሉ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆናቸው ተገልጿል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዲጂታል ፕሮጀክት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ክፍሉ ሲዘጋ በልጁ እጅ የሚቀረው ራሱ የሠራው መለኪያና የራሱ ደብተር ነው፤ በደመና ላይ የተከማቸው ትምህርት ግን ከኔትወርኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ግጭቱ ሌላ ጥንቃቄም ያስከትላል። ግሎብን የመሰሉ ፕሮግራሞች መረጃው የተለካበትን ትክክለኛ መገኛ ይጠይቃሉ፤ ፎቶ ያነሣ ስልክም ቦታውን ከምስሉ ጋር ሊመዘግብ ይችላል። በሰላም አገር ይህ ሳይንሳዊ ጥራት ነው፤ ስጋት ባለበት አካባቢ ግን የትምህርት ቤትን ቦታና የልጆችን ፊት በአንድነት አደባባይ ማውጣት ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ጥያቄ ነው። ተመራማሪው ፊት የማይታይበትን ምስል መምረጥ፣ የስልኩን የቦታ ምዝገባ ማጥፋት፣ መረጃ የሚለቀቅበትን ጊዜም ማዘግየት ይችላል። የወላጅ ፈቃድም በእንግሊዝኛ በተጻፈ ቅጽ ላይ ጣት በማስቀባት የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ምስሉ የት እንደሚሄድና ማን እንደሚያየው በቤቱ ቋንቋ ተነግሮ፣ እምቢ ማለትም እንደሚቻል ግልጽ ሆኖ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እዚህ ያልተነካ ሥራ አለ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ከተራራው ሥር ነው፤ የመረጃ ትንተና የሚያውቁ ተማሪዎችና በየወረዳው የሚያስተምሩ ምሩቃን አሉት። ሁለት የተራራና ሁለት የሜዳ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ዝናብ ቢለኩና ቁጥራቸው ከደብረ ታቦር ጣቢያና ከሳተላይት ግምት ጋር ቢነጻጸር፣ ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ጉዳይ ይወጣዋል። በእንዲህ ያለ ጥናት መጀመሪያ መታየት ያለበት የልጆቹ ውጤት በፈተና ምን ያህል እንደጨመረ ሳይሆን፣ በሐምሌ ወር ውስጥ ስንት ቀን ደብተሩ ባዶ እንደቀረና ለምን እንደቀረ ነው።