ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕና ስለ ሽቦው ሥርዓት

ክራርና በገና፣ ማሲንቆም ጭምር፣ የክሮቻቸውን ንዝረት ተቀብሎ የሚያጎላ ገበቴና ቆዳ ሲኖራቸው፣ ከድፍን እንጨት የተጠረበው የኤሌክትሪክ ጊታር ግን እንዲህ ያለ የድምፅ ማኅደር ስለሌለው፣ ክሩን ቢመቱት ከአጠገብ ከተቀመጠ ሰው አልፎ የሚሰማ ድምፅ የለውም። በአዳራሹ ሁሉ የሚያስተጋባውን ዜማ የሚያስገኝለት ከክሮቹ በታች የተተከለ፣ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስሙም ፒካፕ ይባላል። ጊታርን በገዛ እጁ ለመሥራት የተነሣ ሰው እንጨቱን መጥረቡንና አንገቱን ማስተካከሉን፣ ቀለሙንም መቀባቱን ደስ ብሎት ከፈጸመ በኋላ ሽቦው ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይፈራል፤ ድምፅ የጠፋበትም እንደ ሆነ ወዲያው ፒካፑን ይኮንናል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ መሆኑን፣ ፒካፕ ከጊታሩ ሕዋሳት መካከል ዘግይተው ከሚሞቱት አንዱ መሆኑን፣ ጥፋቱም በአብዛኛው በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚገኝ መሆኑን ለማስረዳት እወዳለሁ።

የነገሩ ምሥጢር የቆመው እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1831 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በገለጠው ሕግ ላይ ሲሆን፣ ሕጉም በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የመግነጢስ ኃይል በተለዋወጠ ቁጥር በሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይወለዳል የሚል ነው። በተለመደው ፒካፕ ስድስት የመግነጢስ ዘንጎች በመካከል ይቆማሉ፤ በዙሪያቸውም በኢናሜል የተለበጠ የመዳብ ሽቦ በሸማኔ ድውር አምሳል ይጠቀለላል፤ የሽቦው ውፍረት ግን 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለት ከራስ ጠጉር የማይበልጥ ነው፤ ዙሩም ስትራቶካስተር በተባለው ጊታር ፒካፕ ላይ ወደ 8,000 ይደርሳል። ከዘንጎቹ በላይ የተወጠረው የብረት ክር እርሱም መግነጢስነትን ስለሚቀበል፣ ተመትቶ ሲርገበገብ በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈውን ኃይል ያውከዋል፤ ክሩ በሴኮንድ 440 ጊዜ ቢርገበገብ በሽቦው የሚወለደውም ኤሌክትሪክ 440 ጊዜ ይመላለሳል፤ አምፕሊፋየሩም ይህን ረቂቅና ደካማ ምልክት አበርትቶ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። ስለዚህም የጅማት ወይም የናይለን ክር ያለውን ክራር ከዚህ ዓይነት ፒካፕ ላይ ቢያደርጉት ፒካፑ ዝም ይላል፤ ክራርን በኤሌክትሪክ ለማሰማት የሚሻ ሰው ወይ የብረት ክር መወጠር፣ ወይ ንዝረቱን ከገበቴው ላይ የሚቀበለውን ፒየዞ የተባለውን መሣሪያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

ይህን ሕግ ለጊታር ካዋሉት ቀደምት ሰዎች መካከል በሎስ አንጀለስ ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር በ1931 ዓ.ም. «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለትን፣ በጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታውን ጊታር አበጁ፤ የፈጠራውም መብት በ1937 ዓ.ም. ተሰጠ። ስትራቶካስተርን በ1954 ዓ.ም. ያወጣው ሌኦ ፌንደር ደግሞ በካሊፎርኒያ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የነበረው ሰው ሲሆን፣ ጊታር መምታት ሳያውቅ ጊታርን ያህል ዕቃ ለዓለም ማበርከቱ፣ የሽቦን ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ለዚህ ሥራ ምን ያህል ኃይል እንደሚሆን ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚስበው ግን የብራያን ሜይ ታሪክ ነው። በኋላ በኩዊን ባንድ ስሙ የገነነው ይህ ሰው ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ገና በጉብዝናው መባቻ ሳለ፣ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ከነበረው ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር በለንደን አጠገብ በነበረው ቤታቸው ተቀምጦ፣ የጊታሩን አንገት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ መደርደሪያ እንጨት፣ የክሩን መወጠሪያ ሞላ ከሞተር ብስክሌት ሞተር አውጥቶ፣ እስከ ዛሬ የሚጫወትበትን ጊታር ሠራ። ፒካፖቹንም አስቀድሞ በገዛ እጁ ጠቅልሎ ነበር፤ ነገር ግን ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሚወጣው ድምፅ አላረካውም፤ ስለዚህም በርንስ ከተባለው ድርጅት ሦስት ፒካፖች ገዝቶ፣ እነርሱንም በማጣበቂያ ሙጫ ሞልቶ ሽቦው በውስጣቸው እንዳይንቀሳቀስ ካደረገ በኋላ ተከላቸው፤ ለእያንዳንዱም አንድ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ አቅጣጫ መለወጫ ስለ ሰጠው፣ ከሦስቱ ፒካፖች ብዙ ዓይነት ድምፅ አገኘ። እንጨቱን ሁሉ የራሱ አድርጎ ሳለ ፒካፑን ከገበያ መግዛቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበት አሉ፤ እኔ ግን የሠሪው ጥበብ ከሁሉ በላይ የታየው የተገዙትን ፒካፖች እንደ ወደደ አድርጎ ባገናኘበት ሽቦ ላይ ነው እላለሁ።

ከእያንዳንዱ ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ ሁለት ሽቦ ይወጣል፤ አንዱ ምልክቱን የሚወስደው፣ ሁለተኛው ግራውንድ የሚባለው መመለሻ ነው። ወሳጁ ሽቦ በመምረጫው ስዊች በኩል አልፎ ወደ ቮልዩሙ ፖቴንሽዮሜትር ይሄዳል፤ ይህ ሦስት እግር ያለው ዕቃ አንዱን ጫፍ ከምልክቱ፣ ሌላውን ከግራውንዱ፣ መካከለኛውንም ኬብሉ ከሚሰካበት ከጃኩ ጋር አገናኝቶ፣ በተዞረ መጠን ወደ ውጭ የሚያልፈውን ይወስናል። ለባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ 250 ኪሎ ኦም፣ ለባለ ሁለት ጥቅል 500 ኪሎ ኦም የሆነውን መምረጥ የተለመደው፣ መጠኑ ባነሰ ቁጥር የቀጭኑ ድምፅ ብሩህነት ስለሚቀንስ ነው። ቶን በተባለው የድምፅ ቃና መቆጣጠሪያ ላይ የሚበየደው ካፓሲተር፣ ብዙ ጊዜ 0.022 ወይም 0.047 ማይክሮ ፋራድ የሆነው፣ ያንኑ ቀጭን ድምፅ ወደ ግራውንዱ እያፈሰሰ ዜማውን ያለዝበዋል። ጀማሪ የሚዘነጋው አንድ ሽቦ አለ፤ እርሱም ክሮቹ ከሚያርፉበት ብረት ተነሥቶ ወደ ግራውንዱ የሚሄደው ነው። ይህ ሲጎድል ጊታሩ ያጓራል፤ እጅ ክሩን ሲነካ ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነ ግን ሽቦው በቦታው እንዳለ ይታወቃል።

ጩኸቱ ራሱ የሚመጣው፣ ክሩን የሚሰማው ጥቅል በቤቱ ውስጥ ያለውን የመብራት መስመር መወዛወዝ ሳይለይ ስለሚቀበል ነው፤ መወዛወዙም በአገራችን በሴኮንድ 50፣ በአሜሪካ 60 ጊዜ ነው። የጊብሰን ድርጅት መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 ዓ.ም. ለዚህ ያገኘው መድኃኒት ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ የአንዱን መግነጢስ ወደ ሰሜን፣ የሁለተኛውን ወደ ደቡብ ማዞር፣ ሽቦዎቻቸውንም በተቃራኒ አቅጣጫ ማያያዝ ነው፤ በዚህም ከውጭ የመጣው ጩኸት እርስ በርሱ ተጣፍቶ የክሩ ድምፅ ተደምሮ ይወጣል። ሃምበከር የሚባለው ፒካፕ ይህ ነው።

እንግዲህ ድምፅ የጠፋ እንደ ሆነ ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ መሄድ አለበት። አስቀድሞ ኬብሉን መለወጥ፣ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን በሌላ ጊታር መፈተን፣ ከዚያ በኋላ ቮልዩሙን ሙሉ ከፍቶ የፒካፑን ዘንግ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ይገባል፤ ኳኳታው ከተሰማ ፒካፑ ሕያው ነው። ካልተሰማ፣ ጊታሩን ሳይከፍቱ ኬብሉን በጃኩ ሰክቶ በሌላው ጫፍ ያለውን የሶኬቱን አናትና አካል በቴስተር መለካት ይቻላል፤ ባለ 6 ኪሎ ኦም ፒካፕ በ250 ኪሎ ኦም ቮልዩም ላይ ከ6 ጥቂት ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ንባቡ ወደ 250 የተጠጋ ከሆነ ከፒካፑ በኩል የተበጠሰ ነገር አለ፤ ዜሮ ከሆነና ቮልዩሙ የተዘጋ ካልሆነ ምልክቱ ያለ ቦታው ግራውንዱን ነክቷል ማለት ነው። ፒካፑ ለብቻው ተፈትቶ ተለክቶ ምንም ንባብ ባይሰጥ እንኳ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ጠጉር መሰሉ ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከወፍራሙ ሽቦ ጋር በተበየደበት ዳር ስለሆነ፣ በትዕግሥትና በጥሩ መነጽር እንደገና ሊበየድ ይችላል። ብየዳው ራሱ ደብዝዞና ሻክሮ የሚታይ ከሆነ ካውያውን አግሎ፣ እርሳሱ ሁለቱንም ብረቶች ለብሶ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ማቅለጥ ያስፈልጋል።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ ችግር አለ። ሁለት ፒካፖች ለየብቻቸው በደንብ እየተሰሙ፣ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጥኖ ከሣ እንደ ሆነ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ስለሆነ የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ማለዋወጥ በቂ ነው፤ ፒካፑ ከግራውንዱ ጋር የተያያዘ የብረት ክዳን ያለው ከሆነ ግን አስቀድሞ ክዳኑን ከሽቦው ለይቶ ለብቻው ወደ ግራውንዱ ማሰር ግድ ነው። ድምፁ ሲጨምር የሚያፏጨው ፒካፕ ደግሞ ሽቦው በውስጡ ላልቶ የሚንቀጠቀጥ ነው፤ ይህንንም ለጧፍ ከሚሆነው የንብ ሰም ጥቂት ከፓራፊን ጋር ደባልቆ፣ በእሳት ላይ በቀጥታ ሳይሆን በሞቀ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል አሙቆ በመንከር ይፈውሱታል፤ ሙቀቱ እጅግ ካለፈ የፕላስቲኩ አካል ይጣመማል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የክሩ ግራውንድ የተጫዋቹን እጅ ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋር የሚያገናኝ መሆኑ ነው። ጩኸት ለመቀነስ ብለው የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ሦስተኛ እግር፣ ማለት የመስመሩን መሬት፣ የሚቆርጡ፣ ወይም ባለ ሁለት እግር ማስተላለፊያ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ የመስመሩ 220 ቮልት በክሮቹ ላይ ይመጣና በሌላው እጁ ማይክሮፎን የጨበጠውን ዘፋኝ ሊገድለው ይችላል። ጊታሩ ሲያጓራ ግራውንዱን በጊታሩ ውስጥ መፈለግ፣ የፒካፖቹንም ጎድጓዳ በመዳብ ቅጠል ለብጦ ከግራውንዱ ጋር ማያያዝ ነው እንጂ የመስመሩን መሬት መንካት ፈጽሞ አይገባም።