እርጅናንና የመርሳት ሕመምን ለይቶ ስለ ማወቅ

ሰው ሲሸመግል ጥቂት መዘንጋቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን መዘንጋት ሁሉ የእርጅና ዕዳ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1899 ዓ.ም. ስለ አንድ የአንጎል ሕመም ለባልንጀሮቹ ሐኪሞች ገለጠ፤ ሕመሙም በስሙ ተጠራ። ይህ ሕመም የአንጎልን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ያጠፋል።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ቦሌ የመጡ አባት መንገድ ቢጠፋባቸው አያስደንቅም፤ አገሩ እንግዳ፣ ሕንጻውም አዲስ ነውና። በዚያው ሠፈር ለብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ግን ቦሌ መድኃኔ ዓለምን ተሳልመው ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው ቢጠፋባቸው የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲሁም አንዱን ጥያቄ ወዲያው ወዲያው መደጋገም፣ የለመዱትን የቡና አፈላል ተራ መሳት፣ የገንዘብ ቁጥር መምታታትና የጠባይ መለወጥ ከምልክቶቹ ይቈጠራሉ።

ይህ በታየ ጊዜ ቤተ ዘመድ ሕመምተኛውን ሳይቈጣና ሳይሸሽግ ወደ ሐኪም ይውሰድ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቪታሚን ቢ12 ማነስና ከባድ ድብርት ይህንኑ ይመስላሉና፤ እነዚህም በሕክምና ሊረዱ የሚችሉ ናቸው። አልዛይመርን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ገና አልተገኘም፤ ቢሆንም ቀድሞ ያወቀ ቤተ ሰብ የሕመምተኛውን ፈቃድ ልቡናው ሳይደክም ይሰማል፣ ጥበቃውንም በጊዜ ያዘጋጃል።