«ማይ ፍሬንድ» ከመባል በስም እስከ መጠራት፦ የእኛ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚማሩት ቋንቋ

ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሾኔ ወይም ሺንሺቾ ያደገ ሰው ይህችን ነገር ሳያያት አልቀረም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ደቡብ አፍሪካ ካለው ልጅ ጋር በዋትስአፕ እያወራ ነው። እናት ስለ ጤናው ትጠይቃለች፣ እሱም በሐዲይኛ ይመልሳል። ድንገት ወሬው ይቋረጥና ልጁ ፊቱን ወደ ሱቁ መስኮት አዙሮ «ሳዉቦና ማማ! ኡንጃኒ?» ይላል። ዕቃ ይቀበላል፣ ይሰጣል፣ መልስ ይቆጥራል። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሶ «እሺ፣ ምን ላይ ነበርን?» እናት ግን ሳቅ ይዟታል። «ይሄ ልጅ ደሞ ይህን ሁሉ የት ተማረው?»

የተማረው ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። ስለ መንገዱ ብዙ ተወርቷል፤ መወራትም አለበት። በመጋቢት 2020 (በአውሮፓውያን) ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ በኮንቴይነር ታፍነው የሞቱትን 64 ኢትዮጵያውያን ማንም አይረሳም። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው «ሂዱ» ለማለት አይደለም። ግን እዚያ ያሉ ወንድሞችና እህቶች አሉን፣ በየቀኑም ከሰው ጋር ይኖራሉ። ከሰው ጋር መኖር ደግሞ ቋንቋ ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ብዙም ስለማይነገርለት ነገር ነው፦ የሰው አገር ቋንቋና ባህል እንዴት ይለመዳል?

የትኛው ቋንቋ?

ብዙ ሰው ከአገር ሲወጣ «እንግሊዝኛ ከቻልኩ ይበቃኛል» ብሎ ያስባል። እንግሊዝኛ ለቢሮ፣ ለባንክና ለፖሊስ ያስፈልጋል። ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ግን ሌላ ነው። ደቡብ አፍሪካ 12 የሥራ ቋንቋዎች አሏት። አሥራ አንዱ በ1996 (በአውሮፓውያን) ሕገ መንግሥት ጸደቁ፣ አሥራ ሁለተኛው የምልክት ቋንቋ በ2023 ተጨመረ። በ2022 በተደረገው ቆጠራ መሠረት ቤቱ ውስጥ በብዛት ዙሉ የሚናገረው 24.4 በመቶ፣ ኮሳ 16.3 በመቶ ሲሆን እንግሊዝኛ የሚናገረው 8.7 በመቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ መልሱ «ሱቁ የት ነው?» በሚለው ይወሰናል። ደርባንና አካባቢው ከሆነ ዙሉ ነው። ጆሃንስበርግ ላይ ሁሉም ቋንቋ ቢኖርም ዙሉ ብዙ ቦታ ያግባባል። ኢስተርን ኬፕ፣ እነ ምታታ፣ የኮሳ አገር ነው፤ የማንዴላ አፍ መፍቻ ቋንቋም ኮሳ ነበር። ብሉምፎንቴን ሶቶ፣ ሩስተንበርግ ጽዋና፣ ፖሎክዋኔ ሴፔዲ፣ ኖርዘርን ኬፕ ደግሞ አፍሪካንስ ይበዛል። ዙሉና ኮሳ በጣም ይቀራረባሉ። ሶቶ፣ ጽዋናና ሴፔዲም እንደዚያው። አንዱን የያዘ ሁለተኛውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

ከዋጋ በፊት ሰላምታ

አዲስ ገብ መጀመሪያ የሚይዘው ቃል «ማሊኒ?» ነው፤ «ስንት ነው?» ማለት። ከመኖሪያ ሰፈሮቹ (የእኛ ሰዎች «ሎኬሽን» ከሚሏቸው) ቤት ለቤት እየዞረ መጋረጃና አልጋ ልብስ የሚሸጥ ሰው ያለዚህ ቃል አይሠራም። ቁጥር ደግሞ ብዙ አያስቸግርም፤ ዙሉ ተናጋሪውም ገንዘብ ሲቆጥር አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ይጠቀማል።

ችግሩ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማቆሙ ነው። ዋጋ ያውቃል፣ ሰላምታ አያውቅም። እዚያ አገር ደግሞ፣ ልክ እንደኛው አገር፣ ሰላም ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ደንበኛዋ ገብታ ዝም ብሎ ዕቃ ያቀበላት ሰው በእሷ ዓይን ባለጌ ነው፤ ዋጋው ቢረክስም።

ዙሉ ላይ ሰላምታው «ሳዉቦና» ነው። ቃል በቃል «አየንህ፣ አየንሽ» እንደማለት ነው። ከአንድ በላይ ለሆኑ ሰዎች ወይም ለማክበር «ሳኒቦናኒ» ይባላል። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ቀጥሎ «ኡንጃኒ?» (እንዴት ነህ?)፣ መልሱ «ንጊያፒላ» (ደህና ነኝ)፣ ምስጋናው «ንጊያቦንጋ»። ኮሳ ላይ «ሞሎ» ለአንድ ሰው፣ «ሞልዌኒ» ለብዙ፣ ምስጋናው «ኤንኮሲ»። ሶቶ ላይ «ዱሜላ»፣ ምስጋናው «ኬያ ሌቦሀ»።

መሰነባበቻውም ደስ ይላል። የሚቀረው ሰው ለሚሄደው «ሃምባ ካህሌ» (በደህና ሂድ) ይላል፣ የሚሄደው ለሚቀረው «ሳላ ካህሌ» (ደህና ቆይ)። ባለሱቅ ሁልጊዜ የሚቀረው እሱ ስለሆነ «ሃምባ ካህሌ»ን ይያዝ።

ከሰላምታው ጋር የማይነጠል አንድ ነገር አለ፦ መጠሪያ። ትልቅ ሰው በስሙ ብቻ አይጠራም። ዙሉ ላይ በእናት ዕድሜ ያለችው «ማማ»፣ በአባት ዕድሜ ያለው «ባባ»፣ አያት «ጎጎ»፣ ወንድም «ቡቲ»፣ እህት «ሲሲ» ናቸው። ሶቶ ላይ አባት «ንታቴ» ነው። እኛ ቤት «ጋሼ»፣ «እትዬ» እያለ ላደገ ልጅ ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ቃሉን መቀየር ብቻ ነው።

ሳታውቁት የያዛችሁት ስንቅ

የባንቱ ቋንቋ ከእኛ በጣም የራቀ ይመስላል። እውነትም አሠራሩ ይለያል። እኛ ብዙ ቁጥርን መጨረሻ ላይ እንጨምራለን፦ ሰው፣ ሰዎች። ዙሉ ግን ከፊት ይቀይራል፦ «ኡሙንቱ» አንድ ሰው፣ «አባንቱ» ሰዎች። ግሡንም እንደኛ መጨረሻ ድረስ አያስጠብቅም።

ድምፁ ላይ ግን እኛ ከብዙ የውጭ ሰው እንሻላለን። በዙሉና በኮሳ ሲጻፉ ተራ ፐ፣ ተ እና ከ የሚመስሉት ድምፆች ሲነገሩ ወደ እኛ ጰ፣ ጠ እና ቀ ይጠጋሉ። አውሮፓዊው የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ የሆሳዕና ልጅ ዝም ብሎ ያልፋል፤ በሐዲይኛም በአማርኛም አፉ ለምዶታል።

የሚያስፈሩት ምላስ የሚያጮሁት ድምፆች ናቸው። ሦስት ናቸው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ አሳዛኝ ነገር ስንሰማ ከንፈር የምንመጥበት ድምፅ ነው። ሁለተኛው ምላስን ከላንቃ አላቆ እንደ ጠርሙስ ቡሽ «ቷ» የሚያደርገው ነው። ሦስተኛው ፈረስ ስንነዳ በጉንጫችን ጎን የምናወጣው ዓይነት ነው። እኛ ቃል ውስጥ አናስገባቸውም እንጂ አፋችን ያውቃቸዋል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚገርመውን እንንገራችሁ። በከምባታ፣ እንዲሁም በሐዲያና በሲዳማ፣ «ባሊሻ» የሚባል የሴቶች ባህል አለ። ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት ስም አትጠራም። ስም ብቻ አይደለም፤ በስማቸው መጀመሪያ ድምፅ የሚነሱ ሌሎች ቃላትንም ትተዋለች። በአማርኛ እናስበው፦ አማቷ «ቡሴ» ቢባሉ «ቡና» የሚለውን ቃል አትልም፣ ሌላ መጠሪያ ትፈልግለታለች። አሁን አሁን እየቀረ ያለ ነገር ነው፤ አያቶቻችን ግን ኖረውበታል።

ዙሉና ኮሳ ዘንድ ይኸው ባህል አለ፤ «ህሎኒፓ» ይባላል፣ «ማክበር» ማለት ነው። እዚያም ያገባች ሴት የአማቷን ስምና ስሙን የሚመስሉ ቃላትን ታስቀራለች፣ በቦታቸው ሌላ ቃል ታስገባለች። ከዱራሜ እስከ ምታታ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር አለ። ሁለቱን ያገናኘ ታሪክ ኖሮ አይደለም፤ ሁለቱም ዘንድ አክብሮት በቃል ስለሚገለጽ ነው። የከምባታ ልጅ ለደንበኛው «እኛም አገር እንዲህ አለ» ብሎ ቢነግር ረጅም ወሬ ይከፈትለታል።

ዕቃና ገንዘብ በሁለት እጅ፣ ወይም ቀኙን በግራ ደግፎ መስጠትና መቀበልም እዚያ አለ። ትልቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን አፍጥጦ አለማየትም አለ። እናቶቻችን ያስተማሩን ነው፤ ሱቅ ውስጥ ስንቻኮል ነው የሚረሳው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

የደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛም የራሱ ዓመል አለው። «ጀስት ናው እመጣለሁ» ያለህ ሰው አሁኑኑ አይመጣም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ምናልባትም በጣም ቆይቶ። «ናው ናው» ይሻላል። «ሮቦቱ ጋ ታጠፍ» ካሉህ ማሽን አትፈልግ፤ ሮቦት ማለት የትራፊክ መብራት ነው። እኛ «ሼም ያዘኝ» ስንል ማፈራችን ነው። እዚያ «ሼም!» ሲሉህ ግን ብዙ ጊዜ «ውይ፣ አይዞህ» ማለታቸው ነው። ታምሜ ነበር ብለህ «ሼም» ስትባል እንዳትቀየም።

ከእኛ በኩልም አለ። እኛ «አዎ» ለማለት አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። የማያውቅ ሰው የደነገጥን ይመስለዋል። ዙሉ ላይ «ዬቦ» በሉ፣ ይበቃል።

የክርን ጥያቄ

እስካሁን ቀለል አድርገን አወራን። ነገሩ ግን ቀላል ያልሆነበት ጊዜ አለ።

እዚያ አገር ከሌላ አፍሪካ የመጣን ሰው መስደቢያ ቃል አለ፦ «ክዌሬክዌሬ»። የማይገባ ቋንቋ ሲወራ ጆሮ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ለማስመሰል የወጣ ነው ይባላል። ስድቡ ራሱ ስለ ቋንቋ ነው ማለት ነው። በግንቦት 2008 (በአውሮፓውያን) ከአሌክሳንድራ ሰፈር ተነስቶ በተስፋፋው ጥቃት 62 ሰዎች ተገደሉ። ያኔ አጥቂዎች ሰው እያስቆሙ «ይህ በዙሉ ምን ይባላል?» ብለው ክርናቸውን ያሳዩ ነበር። መልሱ «ኢንዶሎልዋኔ» ነው። ዕለት ተዕለት የማይጠራ ቃል ስለሆነ የተመረጠ ነው። ከተገደሉት 62 ሰዎች 21ዱ ራሳቸው ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። በ2015 እና በ2019ም ተመሳሳይ ጥቃቶች ተነስተው የብዙ ኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘርፈዋል።

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ቋንቋ የጥይት መከላከያ አይደለም። ዙሉ አጥርተው የሚናገሩም ተዘርፈዋል። የተዘረፈን ሰው «ቋንቋ ብትለምድ ኖሮ» ማለት ግፍ ነው። ጥፋቱ የዘራፊው ነው። ቋንቋ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፦ ሰፈርተኛው በስምህ እንዲያውቅህ ያደርጋል። ግርግር ሲመጣ ስልክ ደውሎ «ዛሬ አትክፈት» የሚል ሰው፣ ዕቃህን ቤቱ የሚያስቀምጥልህ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ቀድሞ ሰላም ያልከው ጎረቤት ነው። ክርንን የሚጠይቅህ ግን የማያውቅህ ነው።

ከየት ይጀመር?

አንደኛ፣ አምስት ቃል ያዙ፦ ሰላምታ፣ ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ እና መሰነባበቻ። ዋጋ ራሱ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ግቡ። «ንጊፉንዳ ኢሲዙሉ» ማለት «ዙሉ እየተማርኩ ነው» ነው። «አንጊዝዋ» ማለት ደግሞ «አልገባኝም» ነው፤ ቃሉ «አልሰማም» እንደማለትም ነው። እነዚህን የሰማ ሰው ከሳቀ በኋላ አስተማሪ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሕፃናትን አስተማሪ አድርጉ። ከረሜላ ሊገዛ የመጣ ልጅ ስትሳሳቱ አይታገስም፤ ወዲያው ያርማችኋል። ስልካችሁ ላይ ድምፁን ቅዱና ማታ ስሙት።

አራተኛ፣ ጆሃንስበርግ ጄፒ መንገድ ላይ ብቻ አትታጠሩ። እዚያ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ አማርኛውም አለ፤ ለናፍቆት ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ የዋለ ግን ዓመት ቆይቶም «ማሊኒ» ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ስማችሁን ንገሩ። እዚያ የውጭ አገር ባለሱቅ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚባለው። አፍ ላይ ጓደኛ ይመስላል፤ ግን ስም የሌለው ጓደኛ ነው። እናንተም የደንበኛችሁን ስም ጠይቁ። አንድ ቀን ጎጎዋ መስኮቱ ጋ መጥታ «ማይ ፍሬንድ» ማለት ትታ በስማችሁ ከጠራቻችሁ፣ ያኔ ቋንቋውን ለምዳችኋል።

እዚያ ያላችሁ፣ መጀመሪያ የያዛችሁት ቃል ምን ነበር? ማንስ አስተማራችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እዚያ ዘመድ ያላችሁም ሼር አድርጉላቸው።