ያልቀረበው የካሳ ጥያቄ

የኢንሹራንስን ሥራ የቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» ያህል የተረዳ ፊልም አላየሁም። የወጣው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። በልጅነቴ ደሴ ውስጥ በቪዲዮ ካሴት ሳየው ንግግሩን አልተከታተልኩም፤ የያዘኝ ፍርሃት ነበር። ባርባራ ስታንዊክ ባሏ አጠገቧ ሲገደል መሪውን እንደያዘች፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር ወደ ፊት ታያለች።

በቅርቡ ኮምቦልቻ ሆኜ ደግሜ ሳየው ግን ዓይኔ የተከተለው ሌላ ሰው ነው፤ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን የሚጫወተው የካሳ ክፍል ኃላፊ፣ ኪዝ። የእኔም ሥራ ይኸው ነው።

የኢንሹራንስ ሻጩ ኔፍ ከሚስትየዋ ጋር ይመሳጠርና ባልየውን የመኪናህ ኢንሹራንስ ማደሻ ነው ብሎ የአደጋ ዋስትና ያስፈርመዋል። ከዚያ ገድለው ከባቡር የወደቀ ያስመስሉታል፤ በባቡር አደጋ ለሞተ ካሳው እጥፍ ነውና። ኪዝን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳዋል። ሟቹ ቀደም ብሎ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ የአደጋ ዋስትና እያለው ለምን ካሳ አልጠየቀም? ዋስትና እንዳለው አያውቅ ይሆን የሚል ሐሳብ ይመጣለታል። ውሉን ኔፍ በእጁ አስረክቦታል ብሎ ስለሚያምን ግን ይተወዋል። እውነቱን ነክቶት አለፈ።

እኛም የምንመረምረው የቀረበውን ጥያቄ ነው፤ የተጋነነ የጋራዥ ዋጋ፣ ቀኑ የማይገጥም ደረሰኝ። ያልቀረበውን የሚፈልግ የለም። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው ሲኖትራክ ባለቤት በማግስቱ ቢሮ ይገኛል። መንገድ ዳር የተገጨው ገበሬ አይመጣም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የወጣው ግን ለእሱ ነው፤ ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ የመድን ፈንድ አለለት። ይህን የነገረው የለም። ቤተሰቡ በሬ ሸጦ ያሳክመዋል፣ ወይም ሽማግሌ ገብቶ በትንሽ ገንዘብ ይታረቃል።

ስለዚህ የመኪና ጉዳት ፋይል ሲመጣልኝ ከጋራዡ ዋጋ ማቅረቢያ በፊት የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርት አነባለሁ። የተጎዳ ሰው ስም ኖሮ ጥያቄ ካላቀረበ አፈላልጋለሁ። ያልጠየቀን ሰው መቀስቀስ ምን ይሉታል የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም፤ አረቦኑን የተቀበልነው እሱን ለመካስ ነው። በቀበሌው በኩል አግኝቼ ምን ይዞ እንደሚመጣ እነግረዋለሁ፤ የሐኪም ማስረጃ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ መታወቂያ።